የተመለሰው ሳህን

ኦዲል ሌቬክ ባለፈው ኅዳር ሞተች። ቀብሯ ላይ ከዋናው ከተማ የመጣ አንድ ከረባት ያሰረ ሰውዬ ተነሥቶ «የወንዛችን እናት» አላት፤ ሕዝቡም አንገቱን እየነቀነቀ እንባውን ጠረገ። እነዚያው ሰዎች፣ ወይም አባቶቻቸው፣ የመኪናዋን ጎማ ሦስት ጊዜ በቢላ የቀደዱባት ናቸው። እኔ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ ጥርሴን ነከስኩ። ኦዲል የማንም እናት አልነበረችም። የአጎቴ ልጅ ነበረች፤ ኬሚስት ነበረች፤ ግትር ነበረች። አንድ አርብ ከአንዲት ነፍሰ ጡር እጅ ሳህን ቀምታ መልሳ ሰጠቻት፤ ከዚያ በኋላ የኖረችው ዕድሜ ሁሉ የዚያች አፍታ ቅጣት ነው። ከረባት ያሰረው ሰውዬ ይህን አያውቅም። እኔ ግን አውቃለሁ፤ አሳውን የጠበስኩት እኔ ነኝ።

አሜሪካ ባለችው ከተማችን በኮርሊስ ፎልስ መጀመሪያ ፋብሪካው ነበር፤ ሰው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ወረቀት ይሠራል። ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ አያቶቻችን ከካናዳዋ ኩቤክ በባቡር መጥተው ወንዙ ዳር ባለው ሰፈር፣ ትንሿ ካናዳ በሚሉት፣ ባለ ሦስት ፎቅ የእንጨት ቤቶች ውስጥ ተደራርበው ኖሩ፤ እኛም እንደዚያው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ አለቆች ኮረብታው ላይ ነበሩ። ጭሱ ወደኛ ይነፍሳል፣ ንጹሁ አየር ወደነሱ። ማንም አያማርርም፤ ዘጠኝ መቶ ወንድ ከዚያ ነው እንጀራውን የሚበላው።

ወንዙ ከታኅሣሥ ጀምሮ እስከ መጋቢት መጨረሻ ድረስ በረዶ ሆኖ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ መኪና ይነዳበታል። አንድ ቦታ ብቻ በረዶ አይዝም። የፋብሪካው ትልቅ ቱቦ ሙቅ ውሃ የሚተፋበት ቦታ ነው፤ ሙቁ አፍ እንለው ነበር። የወንዙ አሳ ሁሉ ብርዱን ሸሽቶ እዚያ ይታጎራል። አባቶቻችን ይህን የፋብሪካው በረከት ይሉት ነበር። በዐቢይ ጾም አርብ አርብ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት የአሳ እራት አለ፤ ሥጋ የለም፣ ሦስት መቶ ሰው ረጃጅም ጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ የተጠበሰ አሳ በድንችና በጎመን ይበላል። አሳው የግድ ከሙቁ አፍ መሆን አለበት። ከሱቅ የተገዛ አሳ ይዞ መምጣት ነውር ነው፤ አንዴ የፖስታ ቤቱ ሰው ቢያመጣ ዓመቱን ሙሉ ሲስቁበት ከረሙ። መጥበሻው የእናቴ ነበር። እናቴ ስትሞት ጭልፋውም መጥበሻውም ወደኔ ተላለፈ፤ ገና ሠላሳ ዓመቴ ነበር፣ እኔም ኩራቴ ጣሪያ ነካ።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት አሳው ለመያዝ ቀላል ሆነ። ፓይክ የሚባለው ጥርሰ ስል አሳ፣ በፊት መንጠቆ ሰብሮ የሚሄደው፣ ሙቁ አፍ ላይ ጎኑን አዘንብሎ እንደ ሰካራም ይዋዥቅ ጀመር። የኦዲል ታናሽ ወንድም ሮዛየር ቅርጫቱን ሞልቶ ሲመጣ «ዘንድሮ መረብም አያስፈልግ! እጅህን ብቻ ዘርጋ» እያለ ይስቅ ነበር። ከዱሮ ጀምሮ ወንዙ ዳር ወጥመድ የሚያጠምደው ሽማግሌ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም አሳ በል ፀጉራም አውሬ እንዳልያዘ ሲነግረን «አርጅተህ ነው» አልነው። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይባላል። እኛ ስንልስ ነበር።

ኦዲል ከሰፈራችን ሴቶች ኮሌጅ የገባች የመጀመሪያዋ ናት። አባቷ ሁለት ጣቱን የወረቀቱ ማሽን ከበላበት በኋላ ትምህርት ቤታችን የሚያስተምሩት መነኮሳት ልጅቷን አዩአት፤ ቁጥር ላይ እሳት ናት ብለው ወደ ኮሌጃቸው ወሰዷት። እዚያ ኬሚስትሪ ያስተማረቻት ሲስተር ፊሎሜን የምትባል መነኩሲት ነበረች፤ እንደ መጥረጊያ ቀጥ ያለች፣ ሳቅ የማታውቅ። ኦዲል ቃሏን እንደ ጸሎት ትደግመው ነበር፦ «አንዴ የተለካ አጋጣሚ ነው፤ ሁለቴ የተለካ ጥርጣሬ ነው፤ ሦስቴ የተለካ እውነት ነው። ከሦስተኛው በፊት አፍሽን የከፈትሽ እንደሆነ ኬሚስት አይደለሽም፣ ወሬኛ ነሽ።»

ይህን ሕግ ይዛ ተመልሳ ፋብሪካው ላቦራቶሪ ገባች። አሥራ አንድ ወንድ፣ አንዲት ኦዲል። መጀመሪያ ላይ ቡና አምጪ ይሏት ነበር፤ እሷም በኬሚካል መለኪያ ብርጭቆ አምጥታ ሰጠቻቸው፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አልጠየቃትም። ከሥራዎቿ አንዱ ይህ ነበር፦ ሰኞ ሰኞ ጠዋት ድልድዩ ላይ ቆማ ባልዲ በገመድ አውርዳ ከወንዙ ውሃ ትቀዳለች፣ ትመረምራለች፣ ንጹህ ነው ብላ ትፈርማለች። አሥራ ሦስት ዓመት ፈረመች። ከእሷ በፊት የነበረው ሰው ከድልድይ ላይ ይቀዳ ስለነበር እሷም ከድልድይ ላይ ቀዳች።

ነገሩ የተጀመረው አንድ እሑድ ምሳ ላይ ነው፣ በፈረንጆቹ 1969 መገባደጃ። የኦዲልና የሮዛየር እናት ቤት ነበርን። ሮዛየር ፋብሪካው ውስጥ ክሎሪን በሚሠራበት ክፍል ነበር የሚሠራው። ወረቀቱ የሚነጣው በክሎሪን ነው፤ ክሎሪኑ ደግሞ ከጨው ውሃ የሚወጣው ወለሉ ላይ በተዘረጉ ገንዳዎች ውስጥ ባዜቃ፣ ሜርኩሪ የሚሉት መርዛማ ፈሳሽ ብረት፣ እየፈሰሰ ነው።

«ትናንት ደግሞ ሃያ ጠርሙስ አወረድን» አለ ሮዛየር ወገቡን እያሸ። «ይሄ ባዜቃ ጠርሙሱ ትንሽ፣ ክብደቱ የአማት ያህል።»

«የማን አማት?» አለችው ሚስቱ ጆርጄት።

«የሌላ ሰው ነዋ፣ የኔ ቆንጆ!»

ሁላችን ሳቅን። ኦዲል ሹካዋን አስቀመጠች።

«ለምን አወረዳችሁ?»

«ገንዳው ስለ ጎደለ ነዋ።»

«ባዜቃ እኮ አያልቅም፣ ሮዛየር። ጨው ያልቃል፣ ውሃ ያልቃል። ባዜቃው እዚያው እየዞረ ነው ሥራውን የሚሠራው። ከጎደለ የሄደበት አለ።»

«አለቃችን ይተናል ይላል።»

«በዓመት ስንት ጠርሙስ ነው የሚተነው?»

«እኔ ምን አውቄ፣ ፕሮፌሰር? ሰማንያም ይሆናል፣ መቶም ይሆናል። እኔ የማውቀው ወገቤን ነው። ይልቅ ያንን በሊጥ የተጋገረ ሥጋ ወዲህ በይው።»

ከምሳ በኋላ ደረጃው ላይ ያዘችኝ። ፊቷ ነጥቷል። «አልፎንሲን፣ መቶ ጠርሙስ ቢተን ኖሮ እዚያ ክፍል ያሉት ወንዶች ይሄኔ በቁማቸው አልቀው ነበር» አለችኝ።

«እና የት ይሄዳል?»

በመስኮቱ ወንዙን እያየች ለራሷ ይመስል «ብረት እኮ ነው። ይሰምጣል። እኔ ደግሞ አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ከላይ ነው የቀዳሁት» አለች። ያን ጊዜ አልገባኝም። ምድር ቤቱን የሚያጥበው ሰው ስላልመጣ እሱን እያሰብኩ ነበር።

ለማንም ሳትናገር ከሮዛየር ቅርጫት አንድ ፓይክ ለመነች፣ በጋዜጣ ጠቀለለችና ሁለት ሰዓት ነድታ የኮሌጅ ጓደኛዋ ወደምትሠራበት ዩኒቨርሲቲ ሄደች። እዚያ በአሳ ሥጋ ውስጥ ባዜቃ የሚለካ ማሽን ነበር። ጥር ሃያ አራት ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ቁጥሩ ወጣ። ይፈቀዳል ከሚባለው አሥራ አንድ እጥፍ ነበር። ኦዲል ቁጥሩን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች፣ ሥሩም «አንድ» ብላ አሰመረች። ዝም አለች።

የዚያን ዓመት ዐቢይ ጾም የገባው በየካቲት ሁለተኛ ሳምንት ነው። ጆርጄት የአምስት ወር እርጉዝ ነበረች። ከስምንት ዓመት ትዳር በኋላ የመጀመሪያዋ ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ አብሯት አርግዟል ማለት ይቻላል። ማቅለሽለሹ ለቋት ስለ ነበር አምሮቷ ሁሉ የእኔ አሳ ሆነ። አርብ ብቻ አይደለም፤ የተረፈውን በዕቃ እየቋጠርኩ ቅዳሜም ሰኞም እሰጣት ነበር። «ለሁለት ብዪ» እላታለሁ። እግዜር ይይልኝ፣ ከልቤ ነው።

በሁለተኛው አርብ ማግስት ኦዲል ሌላ አሳ ወስዳ ለካች። ያው ነው። «ሁለት» ብላ ጻፈች። ሦስተኛውን በሚቀጥለው ቅዳሜ ልትለካ ተቀጣጥራ ሳለ ማሽኑ የሚለካበት ልዩ መብራት ተቃጠለ። መለወጫው ከሩቅ ነው የሚመጣው፤ ስድስት ሳምንት ይፈጃል ተባለ።

ሦስተኛው አርብ መጣ። ምድር ቤቱ በሰው ጢም ብሎ፣ አባ ቴሪዮ መነጽራቸው በእንፋሎት ተሸፍኖ በየጠረጴዛው እየዞሩ ይቀልዳሉ። እኔ መጥበሻው ላይ ነኝ። ኦዲል ኮቷን ሳታወልቅ በኋላ በር ገባችና ጆሮዬ ሥር መጣች።

«አልፎንሲን፣ ይሄን አሳ አትጥበሺ።»

«ምን?»

«አትጥበሺ። ድንቹን ስጫቸው፣ እንቁላል ስጫቸው። አሳውን ተይው።»

«ሦስት መቶ ሰው ተቀምጦ? ምን ሆነሻል? ሸተተሽ እንዴ?»

«አይሸትም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«አሁን ልነግርሽ አልችልም። ገና አላረጋገጥኩም። ግን እመኚኝ።»

እኔ ምን አልኩ? እስከ ዛሬ ቃሉ ጆሮዬ ላይ አለ። «ኮሌጅ ገብተሽ አሳ መጥበስ ልታስተምሪኝ ነው? ሂጂ ወዲያ! ወይ ኮትሽን አውልቂና ድንች ላጪ፣ ወይ ከመንገዴ ዞር በዪ።» አጠገቤ የነበሩት ሴቶች ሳቁ። እኔም ደስ አለኝ፤ ከዚህ በፊት ኦዲልን በነገር አሸንፌያት አላውቅም።

በዚህ መሀል ጆርጄት ሁለተኛ ሳህን ልትወስድ ተሰለፈች። ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ፣ ጉንጯ በሙቀቱ ቀልቶ፣ ትስቃለች። ትልቁን ቁራጭ፣ የፓይኩን ወገብ፣ አወጣሁላት። ሳህኑን ተቀብላ ዞር ስትል ኦዲል ፊቷ ቆመችና ሳህኑን ከእጇ ቀማቻት።

ሰዉ ሁሉ ሹካውን አስቀምጦ ዞረ።

«ይበቃሻል» አለቻት ኦዲል። ድምጿ ሻከረ።

ጆርጄት ደነገጠች። ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ወፍረሻል ማለትሽ ነው፣ ኦዲል?»

ሮዛየር ከጠረጴዛው ተነሣ። «እህት ዓለም! ሚስቴ ለልጄ ነው የምትበላው። ምን አስቀናሽ?» አለ፤ ጨርሶ ክፉ ለመናገር አልነበረም፣ ግን ኦዲል ባል አልነበራትም፣ ልጅ አልነበራትም፣ ሰዉም ያንን ያውቃል። ከኋላ አንዱ ፈገግ አለ፤ ከዚያ ሌላው፤ ከዚያ ሁሉም ሳቀ።

ኦዲል ሳህኑን በሁለት እጇ ይዛ ቆማ ነበር። ያን ጊዜ በውስጧ ምን እንዳለ በኋላ ነግራኛለች። ፊት ለፊቷ የዘጠኝ መቶ ሰው ሥራ አለ። ልክ ካልሆነችስ? የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሳዎች ክፉ አጋጣሚ ቢሆኑስ? ሲስተር ፊሎሜን እንደ መጥረጊያ ቀጥ ብላ ጭንቅላቷ ውስጥ ቆማ ነበር። ወሬኛ ነሽ ትላታለች።

ሳህኑን መልሳ ሰጠቻት። «ይቅርታ» አለችና ወጣች። ጆርጄት ተቀምጣ በላች፤ አጥንቱ ብቻ እስኪቀር ድረስ በላች፣ እልህም ስለያዛት ይመስለኛል። ከዚያ በኋላ ሦስት አርብ ነበረ። ሦስቱንም በላች።

ሦስተኛው ቁጥር የወጣው ከፋሲካ በኋላ፣ በሚያዝያ ነው። ከሁለቱም ይብስ ነበር። ኦዲል በማግሥቱ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ቢሮ ገብታ ማስታወሻውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችለት። ሰውዬው ጨዋ ነበር፤ ሻይ አዘዘላት። ይተናል አላት። እሷም «ጌታዬ፣ የተነነው ነገር አሳ ሆድ ውስጥ ምን ይሠራል?» አለችው። በሳምንቱ ላቦራቶሪው የሰው ኃይል ይቀንሳል ተባለ፤ የተቀነሰው አንድ ሰው ብቻ ነው።

እሷም ለመንግሥት ጻፈች። መርማሪዎች መጡ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባ ቴሪዮን አስፈቅዳ እዚያው ምድር ቤት ቆመች። ቁጥሮቿን በፈረንሳይኛ ተናገረች፤ አሥራ ሦስት ዓመት የፈረመችው ውሃ ከላይ የተቀዳ እንደነበር፣ ጭቃውን ማንም እንዳልነካው፣ አሳው ከጭቃው እንደሚበላ፣ እኛም ከአሳው። አንዱ ከኋላ ጮኸ፦ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ጾሙ ካለቀ በኋላ ነው የምትነግሪን?» ሌላው «ፋብሪካው ቢዘጋ አንቺ ነሽ የምታበይን?» አለ። እኔ እንዳታየኝ ወደ ወለሉ አየሁ።

ከዚያ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ማንም አጠገቧ አልተቀመጠም። አግዳሚው ላይ ብቻዋን ናት፤ ግራና ቀኟ ባዶ። ሮዛየር ደጇን ሲያልፍ ፊቱን ያዞራል። እኔ? እኔ ከሰው ተለይቼ አላውቅም። ሦስት ረድፍ ወደኋላ ተቀመጥኩ።

ሊሊያን በሰኔ ተወለደች። ቆንጆ ልጅ፣ ፀጉረ ጥቁር፣ የተሟላች። ጆርጄት እየዞረች አሳየቻት፤ «የታለ የኦዲል መርዝ?» እያለች ጣቶቿን አንድ በአንድ ታስቆጥረን ነበር፣ አሥር የእጅ፣ አሥር የእግር። እኔም አብሬ ቆጠርኩ። ያን ቀን ልቤ ቀለለኝ።

ስድስት ወር አለፈ፣ አንገቷ አልጸና አለ። ዓመት አለፈ፣ አልቆመችም። አንድ ቀን ከኋላዋ ድስት ጣልኩ፤ ድስቱ ወለሉን ሲመታው እኔ ራሴ ዘለልኩ፣ ልጅቷ ግን ዞር አላለችም። ጆርጄትና እኔ ተያየን። ጆርጄት ድስቱን አንሥታ አጠበችው፤ ንጹህ ነበር፣ ግን አጠበችው።

ዶክተሮቹ ምክንያቱን አናውቅም አሉ። እስከ ዛሬም የሚያውቅ የለም። ኦዲል ራሷ «ከአሳው ነው ብዬ በአንዲት ልጅ ላይ መማል አልችልም፤ አይደለም ብዬም አልምልም» ነበር የምትለው። ይህ ለእናት ምን ይጠቅማታል?

ሊሊያን ሦስት ዓመት ከጥቂት ወር ሲሆናት፣ አንድ የመስከረም ጠዋት፣ ኦዲል ቤት ሄጄ ነበር። ያን ጊዜ በስውር እየሄድኩ እጠይቃት ጀምሬያለሁ፤ ጀግና አልነበርኩም፣ በኋላ በር ነው የምገባው። በሩ ተንኳኳ። ጆርጄት ናት፤ ልጅቷን አዝላ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው» አለቻት። «እንዳትዋሺኝ። መቼ ነው ያወቅሽው?»

ኦዲል ከወንበሯ ተነሣች። መዋሸት ትችል ነበር። በሚያዝያ ብትል ወረቀቱም ይመሰክርላት ነበር፤ እንደ ሕጓ ከሆነ ያወቀችው በሚያዝያ ነዋ።

«ጥር ሃያ አራት» አለች። «ቅዳሜ ነበር።»

ጆርጄት በጣቷ መቁጠር ጀመረች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። የመጀመሪያው አርብ፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። ሦስተኛው ላይ ጣቷ ቆመ።

«ያን ቀን ቀምተሽኝ ነበር እኮ» አለች፤ ቀስ ብላ ነው። «በእጅሽ ነበር። ለምን መለስሽልኝ?»

«ሦስተኛውን እየጠበቅሁ ነበር።»

«ሦስተኛ ምን?»

«ሦስተኛ ልኬት።»

ጆርጄት የሰማችው ነገር ቋንቋው ያልገባት ይመስል ቆማ አየቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺስ፣ አልፎንሲን? ያን ቀን ጆሮሽ ሥር ስታወራ አይቻታለሁ። ላንቺም ነግራሽ ነበር? አሳውን አትስጪ ብላሽ ነበር?»

ልጅቷ በእናቷ ትከሻ ላይ ሆና ታየኛለች። ዓይኗ ከፊቴ አልተነቀለም።

«ኧረ እኔን ምንም አላለችኝም» አልኩ። «ስለ ብርዱ ነው ያወራችኝ።»

ኦዲል አየችኝ። ግማሽ ደቂቃ ያህል ነው፤ ከዚያ ዓይኗን ወደ መስኮቱ መለሰች። ጆርጄት ወጣች፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ኦዲል እስክትሞት ድረስ አንዲት ቃል አላናገረቻትም። እኔን ግን ወዳጄ አደረገችኝ። ሊሊያንን ሲያማት የምትጠራው እኔን ነው። በየልደቷ ኬክ የምጋግረው እኔ ነኝ። ኦዲልም አንድ ቀንም፣ ብቻችንን ሆነን እንኳ፣ ነገሩን አላነሣችብኝም። አንዴ ልጀምር ስል እጇን አንሥታ «ተይው፣ አልፎንሲን። ድንች ላጪ» አለችኝ። መቀለዷ ነበር። ሁለታችንም አልሳቅንም።

የቀረውን ሕይወቷን ከረባት ያሰረው ሰውዬ በደንብ ተናግሮታል። የባዜቃው ክፍል ተዘጋ፣ ፋብሪካውም ሌላ ዘዴ አመጣ፤ ከሃያ ዓመት በኋላ በሌላ ምክንያት ጨርሶ ሲዘጋ ግን ሰው የረገመው እሷን ነው። ኦዲል የሕፃናት ልብስ መስፊያ ውስጥ ተቀጥራ እየሠራች የወንዙ ወዳጆች የሚል ማኅበር አቋቋመች፤ ስድስት ሰው፣ ስብሰባው ልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ። ከከተማው በላይ ያለውን ረግረግ ሞልተው ሱቅ ሊሠሩበት ሲሉ አፈር መግፊያው መኪና ፊት ተቀመጠች። ዛሬ እዚያ ወፎች አሉ። በየዓመቱ የጾሙ መጀመሪያ ላይ በገዛ እጇ ሰሌዳ ቀብታ ሙቁ አፍ የነበረበት ቦታ ትተክል ነበር፦ አሳ አትብሉ። ይነቅሉታል፤ ትተክላለች።

ሦስተኛውን ልኬት ግን ከዚያ ወዲያ ጠብቃ አታውቅም። የሲስተር ፊሎሜንን ሕግ ጣለችው። አንድ ቁጥር ካየች በቂዋ ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል ትላለች፣ ጎረቤት ሁሉ ትቀሰቅሳለች። አንዴ የትምህርት ቤቱ ጉድጓድ ውሃ ተበከለ ብላ ከተማውን አተራመሰችው፤ የቧንቧ ዝገት ሆኖ ተገኘ። ሰው በሳቅ ሞተ። እሷ ግን አላፈረችም። «ዝገት በመሆኑ ደስ ብሎኛል» አለች፤ እቤቷ ገብታም አለቀሰች። አይቻታለሁ።

አሁን ሰሌዳውን የሚተክል የለም። ባለፈው ሳምንት ወንዙ ዳር ሦስት ጎረምሶች ከነመንጠቆአቸው አየሁ። አሳው በዝቷል ይላሉ፣ ትልልቅ ሆኗል፣ ለመያዝም ቀላል ነው። አዲሱ ቄስ የድሮውን የአርብ እራት ልንመልሰው ነው ብለው ደጄ ድረስ መጡ፤ «እትዬ አልፎንሲን፣ አጠባበሱን የሚያውቅ ከእርስዎ በቀር ማን ቀረ?» አሉኝ። ባዜቃው ጭቃው ውስጥ እንዳለ ነው። የትም አልሄደም፤ አያልቅም እኮ፣ ኦዲል ተናግራለች። ለቄሱ ይህን ነገርኳቸው። እሳቸውም በትሕትና ፈገግ ብለው «ማስረጃ አለዎት ወይ?» አሉኝ።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይነቅዛል። እኔ አርባ አምስት ዓመት አፌ ውስጥ ይዤው ነቅዟል፤ ሽታውን የማውቀው እኔ ነኝ። ቄሱን ለማስቆም እኔ ስለዚያ አርብ መናገር አለብኝ፣ ሁሉንም፣ የነገረችኝን ጭምር። አለዚያ የማን ምስክርነት ሆኖ ነው የሚሰሙኝ?

ነገ አርብ ነው። ጆርጄት ከእኔ ሁለት ደጅ አልፋ ትኖራለች፤ ዓይኗ ደክሟል፣ በየአርቡ ጋዜጣ የማነብላት እኔ ነኝ። ነገ ግን ጋዜጣውን አልወስድም፤ ይህንን ወረቀት ነው የምወስደው። ሊሊያን እንደ ሁልጊዜው ከፊት ለፊቴ ትቀመጣለች። ጆሮዋ አይሰማም፣ ከንፈር ግን ታነባለች፤ ምን እንዳልኩ ከእናቷ ቀድማ የምታውቀው እሷ ናት።